ሶስና በሠዓሊዎች እጅ
የሴት ልጅ ምስል በምዕራባውያን ሥዕል እንዴት እንደ ተለዋወጠ

አንድ ሕዝብ ስለ ሴት ልጅ ያለውን አሳብ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሕጉንና ተረቱን ብቻ መርምሮ አያበቃም፤ ሥዕሉንም አተኵሮ መመልከት ይገባዋል። ሕግ የሚናገረው ሊሆን የሚገባውን ነው፤ ሥዕል ግን ብዙ ጊዜ ሠዓሊውና ገንዘብ ከፍሎ ያሣለው ሰው ሳያስቡት በልባቸው የተሰወረውን አውጥቶ ያሳያል። ስለዚህ የምዕራብ አውሮፓ ሠዓሊዎች ሴትን በየዘመኑ እንዴት አድርገው እንደ ሣሏት መከታተል፣ የነዚያን ሕዝቦች ልብ ከዘመን ወደ ዘመን መከታተል ነው።

ነገሩ ሰፊ ስለ ሆነ ሁሉን በአንድ ጽሑፍ መዘርዘር አይቻልም። በመቶ የሚቈጠሩ ንግሥታትን፣ ቅዱሳትንና የቤት እመቤቶችን ከመዘርዘር ይልቅ፣ አንዲት ሴት መርጠን እርስዋን ብቻ ብንከተላት መንገዱ ይቀናልናል። የመረጥናትም ሶስና ናት። ታሪኳ በቤተ ክርስቲያናችን ከመጽሐፈ ዳንኤል ጋር ተቈጥሮ ይነበባል፤ ስሟም በየቤታችን ለሴቶች ልጆቻችን የምናወጣው ስም ነው። የምዕራብ ሠዓሊዎችም ከጥንት ክርስቲያኖች ዘመን አንሥቶ እርስዋን ከመሣል አላቋረጡም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ያስተውሉልን።

የዐይን ነገር

ታሪኩ የታወቀ ነው። በባቢሎን ምርኮ ዘመን የኢዮአቄም ሚስት ሶስና እግዚአብሔርን የምትፈራ መልከ መልካም ሴት ነበረች። በሕዝቡ ላይ ፈራጆች ሆነው የተሾሙ ሁለት ረበናት ወደ ባሏ ቤት ሲመላለሱ፣ በአትክልቱ ስፍራ ስትዘዋወር አይተው ተመኟት። አንድ ቀን ልትታጠብ አስባ ደንገጡሮቿን ለመታጠቢያ የሚያስፈልጋትን እንዲያመጡ በላከች ጊዜ፣ ከተሸሸጉበት ወጥተው፣ እሺ ካላለቻቸው ከጐልማሳ ጋር አገኘናት ብለው እንደሚመሰክሩባት አስፈራሯት። እርስዋ ግን በእግዚአብሔር ፊት ከመበደል በእጃቸው መውደቅን መርጣ ጮኸች። በሐሰት ምስክርነታቸውም ሞት ተፈረደባት። ወደ ሞት ስትወሰድ ብላቴናው ዳንኤል ተነሥቶ ሁለቱን ለያይቶ በየተራ ጠየቃቸው፤ አገኘናት ያሉበትን ዛፍ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ብሎ ስለ ጠራው ሐሰታቸው ተገለጠ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የዐይን ነገር ነው። ረበናቱ ምኞት ባሸነፋቸው ጊዜ ወደ ሰማይ እንዳይመለከቱ ዐይናቸውን መለሱ። ሶስና ግን በሸንጎው መካከል ቆማ እያለቀሰች ወደ ሰማይ ተመለከተች። ከዚህም ሌላ ተሸፋፍና ወደ ፍርድ በቀረበች ጊዜ መሸፈኛዋ እንዲገለጥ ያዘዙት እነዚሁ ከሳሾቿ ናቸው፤ በመልኳ ዐይናቸውን ሊያጠግቡ ነበርና። ይህን ያዩ ወዳጆቿ ሁሉ አለቀሱ። እንግዲህ የሶስና መገለጥ በመጽሐፉ ዘንድ ከበደሉ አንዱ ክፍል ነው። ይህን በልባችን ይዘን ወደ ሥዕሎቹ እንሂድ።

በሁለት ተኵላዎች መካከል ያለች በግ

በሮም ከተማ ከምድር በታች የጥንት ክርስቲያኖች ሙታናቸውን የቀበሩባቸው ረጃጅም ዋሻዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ በጵርስቅላ ስም ይጠራል። በውስጡም የግሪክ ጸሎት ቤት በሚባለው ክፍል ግድግዳ ላይ የሶስና ታሪክ ተሥሎ ይገኛል፤ ብዙ ሊቃውንት በ3ኛው ምዕት ዓመት ገደማ እንደ ተሣለ ይገምታሉ። እዚያ ሶስና ልብሷን ለብሳ፣ እጆቿን ለጸሎት ዘርግታ ቆማ ትታያለች። በ4ኛው ምዕት ዓመት የተሣለ ሌላ ሥዕል ደግሞ ፕሬቴክስታቱስ በተባለው ዋሻ አለ። ሠዓሊው በዚያ ሴትም ሆነ ሽማግሎች አልሣለም። በሁለት ተኵላዎች መካከል የቆመች አንዲት በግ ሥሎ፣ ከበጊቱ በላይ ሶስና፣ ከተኵላ በላይ ሽማግሎች የሚል የላቲን ጽሕፈት ጽፎባታል።

እነዚህን ሥዕሎች ያዩ የነበሩት የሞተ ዘመዳቸውን ሊቀብሩ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ስለ ሃይማኖታቸው በሐሰት መከሰስ ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። በእኛ ዘንድ አቡሊዲስ እየተባለ የሚጠራው ሊቅ በ3ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በጻፈው የዳንኤል ትርጓሜ ሶስናን በቤተ ክርስቲያን፣ ባቢሎንን በዚህ ዓለም መስሎ ተርጕሟታል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሶስናን የሚመለከት ሰው፣ ወንድም ቢሆን ሴት፣ በእርስዋ የሚያየው የራሱን ነፍስ ነበር። ሴቲቱ የምእመናን ሁሉ ምሳሌ ሆና ቆማለች።

ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ይህ አስተያየት ገና አልጠፋም። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ከ1855 ጀምሮ የሚጠበቅ፣ እንደ መስተዋት የጠራ አንድ ክብ ድንጋይ አለ። የፍራንኮች ንጉሥ ሎታር እንዳሠራው በላዩ ተቀርጾበታል፤ ይህ ንጉሥ ከ855 እስከ 869 ነግሦ ነበር። የሶስና ታሪክ በስምንት ክፍል ተከፍሎ በድንጋዩ ላይ በጥቃቅን መሥመር ተቀርጾአል፤ ከስምንቱም የሚበዙት ስለ ክሱና ስለ ፍርዱ የሚናገሩ ናቸው። ሶስና በሁሉም ላይ ልብሷን ለብሳለች። የሚያስደንቀው ንጉሡ ራሱ ሚስቱን ንግሥት ቴውትቤርጋን ለመፍታት ሲል ከባድ ነውር እንዲወራባት ማድረጉ ነው፤ በ865 ግን በሮም ጳጳስ ግፊት መልሶ እንዲቀበላት ተገደደ። አንዳንድ ሊቃውንት የድንጋዩ ሥራ ከዚህ ጋር የተያያዘ ሳይሆን እንደማይቀር ያስባሉ። እንዲህም ሆነ አልሆነ፣ ለንጉሥ የቀረበው ሥዕል የሚናገረው ሴት በሐሰት ስትከሰስ ፈራጅ ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው።

ወደ ባለጸጎች እልፍኝ የገባችው ሶስና

በ15ኛውና በ16ኛው ምዕት ዓመት በኢጣልያ ከተሞች ታላቅ ለውጥ ሆነ። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ሐውልቶች ከመሬት እየተቈፈሩ ወጡ፤ የሰውን ሰውነት ያለ ልብስ አስተካክሎ መሣልም የሠዓሊ ችሎታ መለኪያ ሆነ። በዘይት የሚቀላቀል ቀለም የቈዳን ልስላሴና የጨርቅን አንጸባራቂነት ለማሳየት አስቻለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወርዶ በሸራ ላይ ሆኖ ወደ ባለጸጎች እልፍኝ ገባ። በቤተ ክርስቲያን ያለውን ሥዕል ሕዝብ ሁሉ በአንድነት፣ በጸሎት ላይ ሆኖ ያየዋል፤ በእልፍኝ የተሰቀለውን ግን ባለቤቱ ብቻውን፣ ሲያሻው ያየዋል። የገዢው ፍላጎትም የሠዓሊውን እጅ መምራት ጀመረ።

የተራቈተች ሴት ሥዕል የሚፈልግ ባለጸጋ ለነገሩ ጥሩ ስም ያስፈልገው ነበር። አንዳንዱ ከአረማውያን ተረት ቬኑስ የምትባለውን ጣዖት መረጠ፤ የቬኒሱ ሠዓሊ ቲሲያን በ1538 ለአንድ መስፍን ያዘጋጀው ሥዕል በዚህ ስም የታወቀ ነው። ሌላው ከመጽሐፍ ቅዱስ ቤርሳቤህን ወይም ሶስናን መረጠ። ከዚህም የተነሣ ስለ ንጽሕና የተጻፈው ታሪክ የንጽሕና ተቃራኒ መሸፈኛ ሆነ።

ከነዚህ ሥዕሎች በጣም የታወቀው ቲንቶሬቶ የተባለው ሌላው የቬኒስ ሠዓሊ በ1555 ወይም በ1556 ገደማ የሣለው ሲሆን ዛሬ በቪየና ሙዚየም ይገኛል። በቀለም አጠቃቀሙና በብርሃኑ እጅግ የተደነቀ ሥራ ነው። ሶስና በውኃ ዳር ተቀምጣ፣ ጌጦቿን በአጠገቧ አኑራ፣ በጽጌረዳ አጥር ላይ በተደገፈ መስተዋት ራሷን ትመለከታለች። ከአጥሩ በወዲህ በኩል የአንዱ ሽማግሌ ራሰ በራ ብቅ ብሎ ይታያል፤ በወዲያ ጫፍም ሌላው አለ። እርስዋ ማንንም አላየችም፤ አትፈራም፤ አትጸልይም። መስተዋቱ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ሠዓሊው የጨመረው ነው። በእርሱም ምክንያት ሶስና ራሷ በመልኳ የተመሰጠች፣ ለመታየትም የተዘጋጀች መስላ ትታያለች። ዳንኤልም፣ ሸንጎውም፣ ልቅሶውም ከሥዕሉ ቀርተዋል።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው በማን ስፍራ እንደ ቆመ አስተውል። ሽማግሎቹ የሚያዩትን ያያል፤ ከእነርሱም ይልቅ በቅርብና በግልጥ ያያል። ሥዕሉ ስለ ረበናቱ ኀጢአት የሚናገር መስሎ ተመልካቹን ሦስተኛ ረቢ ያደርገዋል። ሁለቱ በሸንጎ ፊት መሸፈኛዋ እንዲገለጥ ሰጥተውት የነበረውን ትእዛዝ ሠዓሊዎቹ ተቀብለው ፈጸሙት። በቀጠሉት ምዕት ዓመታት ይህን የመሰለ ሶስና በኢጣልያ፣ በፍላንደርና በፈረንሳይ ደጋግሞ ተሣለ።

የ17 ዓመቷ ልጃገረድ

በ1610 በሮም ከተማ አርቴሚዝያ ጄንቲሌስኪ የተባለች የ17 ዓመት ልጃገረድ የሶስናን ታሪክ ሣለች። በ1593 የተወለደች፣ የሠዓሊው የኦራዝዮ ጄንቲሌስኪ ልጅ ነበረች፤ ቀለም መበጥበጥና ሥዕል መሥራት የተማረችውም በአባቷ ቤት ነው። ሥዕሉ ዛሬ በጀርመን አገር ፖመርስፌልደን በተባለ ስፍራ ይገኛል፤ ስሟንና ዓመተ ምሕረቱን በድንጋዩ ላይ ጽፋበታለች። አባቷ በሥራው ሳይረዳት እንዳልቀረ የሚናገሩ ሊቃውንት አሉ። አሳቡ ግን ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ የተለየ ነው።

እዚህ የአትክልት ስፍራ፣ ጽጌረዳና መስተዋት የለም። ሶስና በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ከግንቡም በላይ ሁለቱ ሰዎች እንደ ከባድ ደመና ተንጠልጥለውባታል። አንደኛው በሌላው ጆሮ ያንሾካሹካል፤ ሌላው ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንድትል ያዛታል። እርስዋ ፊቷን አዙራ፣ ሰውነቷን አጣምማ፣ ሁለት እጆቿን አንሥታ ትከላከላለች። በፊቷም ላይ የሚታየው ጭንቀትና መጸየፍ ነው። ይህችም ሶስና እንደ ሌሎቹ ያለ ልብስ ተሥላለች፤ ልጃገረዲቱ የዘመኑን ልማድ ጨርሳ አልተወችም። ይሁን እንጂ ይህን ሥዕል የሚያይ ሰው ከሽማግሎቹ ጋር ሆኖ ሊደሰት አይቻለውም፤ ከሴቲቱ ጋር ይጨነቃል እንጂ። ልዩነቱ በልብሱ ብቻ እንዳይደለ ከዚህ እንረዳለን። ሠዓሊዋ ታሪኩን ያየችው ከድንጋዩ ላይ ሆና ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በ1611፣ ከአባቷ ጋር ይሠራ የነበረ አጎስቲኖ ታሲ የተባለ ሠዓሊ አርቴሚዝያን በግፍ ደፈራት። አባቷ ነገሩን ወደ ዳኛ አቀረበ፤ ክርክሩም በ1612 ወራት የፈጀ ነበር። ቃሏ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ በዘመኑ ልማድ መሠረት ገመድ በጣቶቿ ዙሪያ ተጠምጥሞ ጠበቀባት። ሠዓሊ በሆነች ልጃገረድ ላይ ከዚህ የሚከፋ ፈተና ምን ይኖራል? እንጀራዋ በጣቶቿ ነበር። እርስዋ ግን ቃሏን አልለወጠችም። ታሲ ጥፋተኛ ሆኖ ከሮም እንዲወጣ ተፈረደበት፤ ፍርዱ ግን በሚገባ አልተፈጸመበትም። የችሎቱ መዝገብ ዛሬም በሮም ይገኛል።

አርቴሚዝያ ከዚያ በኋላ ወደ ፍሎሬንስ ሄዳ በ1616 የዚያ ከተማ የሥዕል ማኅበር አባል ሆነች፤ ከሴቶችም በዚህ የመጀመሪያዋ ናት። ለነገሥታትና ለመሳፍንት ሣለች። የሶስናንም ታሪክ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመልሳ ሣለችው።

የምትመለከተን ሶስና

ከወንዶችም መካከል ነገሩን የመረመረ አልጠፋም። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት በ1636 አንድ ሶስና ሥሎ ነበር፤ በ1647 የፈጸመው ሌላው ደግሞ ዛሬ በበርሊን ይገኛል። በበርሊኑ ሥዕል ሶስና አንድ እግሯን ወደ ውኃው ልታገባ ስትል አንዱ ሽማግሌ መጐናጸፊያዋን ይዞ ይጎትታል። እርስዋም ፊቷን መልሳ ከሥዕሉ ውጭ ያለነውን እኛን ትመለከታለች፤ እንድንረዳት የምትለምን ትመስላለች። በቲንቶሬቶ ሥዕል ፊት ተሸሽጎ ይመለከት የነበረው ሰው እዚህ ተይዞአል። አየሁ ወይም አላየሁም የሚልበት ስፍራ የለውም። ዳንኤልን ሠዓሊው አልሣለውም፤ ስፍራውን ለተመልካቹ ትቶለታል።

ብሩሹ በማን እጅ ነበር?

እነዚህን የመሰሉ ሥራዎች ጥቂት የሆኑበት ምክንያት ምንድር ነው? አንዱ ምክንያት ብሩሹ ለረዥም ዘመን በወንዶች እጅ ብቻ መቆየቱ ነው። በ1768 በለንደን የንጉሥ የሥዕል አካዳሚ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር ይባላሉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ዞፋኒ የተባለ ሠዓሊ የአካዳሚውን አባላት በአንድ ሥዕል ሰብስቦ ሣላቸው። ወንዶቹ ልብሱን ያወለቀ ሰው እያዩ በሚለማመዱበት ክፍል ቆመው ይታያሉ። ሴት ወደዚያ ክፍል እንድትገባ ስለማይፈቀድ፣ ሁለቱ ሴቶች በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሥዕሎች ሆነው ተሣሉ። አባላት ሲሆኑ የግድግዳ ጌጥ ሆኑ። ከእነርሱም በኋላ ሙሉ አባል ሆና የተመረጠች ሴት እስከ 1936 አልተገኘችም። በፓሪስ ያለው ታላቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1897 ነው።

ይህ ደጅ ቀስ በቀስ ሲከፈት በሥዕሉ ውስጥ ያለችው ሴትም ተለወጠች። ፈረንሳዊቱ ቤርት ሞሪዞ በ1872 አንዲት እናት ከሕፃኗ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ስትጠብቅ ሣለች። አሜሪካዊቱ ሜሪ ካሳት በ1893 አንዲት ሴት ሕፃን ልጅ በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እግሯን ስታጥብ ሣለች። እዚህ መታጠብ የሚታይ ነገር መሆኑ ቀርቶ የእናትነት ሥራ ሆነ። በነዚህ ሥዕሎች ያሉት ሴቶች ተመልካች እንዳለ አያውቁም፤ ሥራ ይዘዋልና።

ጀርመናዊቱ ኬቴ ኮልቪትስ ከዚህም አለፈች። ልጇ ፔተር በጥቅምት ወር 1914 በጦርነት ሞተባት። ከ1937 እስከ 1939 ባለው ጊዜ አንዲት እናት የሞተ ልጇን በጉልበቶቿ መካከል አድርጋ የተቀመጠችበትን አነስተኛ ሐውልት ሠራች። ይህ ሐውልት በትልቁ ተሠርቶ ከ1993 ጀምሮ በበርሊን ከተማ ጣሪያው መካከሉ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ቆሞአል፤ ዝናሙም በረዶውም በእናቲቱ ላይ ይወርዳል። መልክ አልተቀባችም፤ ጌጥም የላትም። በመስቀሉ አጠገብ የቆመችውን እናት የሚያስብ ክርስቲያን ሁሉ ግን ያውቃታል።

ከዚያም በኋላ ተመልካቹ ራሱ መመርመር ጀመረ። በ1971 ሊንዳ ኖክሊን የተባለች አሜሪካዊት የታሪክ ምሁር ታላላቅ ሴቶች ሠዓሊዎች ያልተገኙት ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ መጣጥፍ ጻፈች፤ ምክንያቱን ከተፈጥሮ ሳይሆን ከትምህርት ቤቶቹ ደጅ አገኘችው። በ1972 እንግሊዛዊው ጆን በርገር በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ሴት ለወንድ ዐይን ተብላ የምትሣልበትን የቈየ ልማድ ለሕዝብ ገለጠ። በ1976 ኖክሊንና አን ሳዘርላንድ ሃሪስ በሎስ አንጀለስ ባዘጋጁት የሴቶች ሠዓሊዎች ትርኢት የአርቴሚዝያ ሥራዎች ከብዙ ዝንጋዔ በኋላ በሕዝብ ፊት ቆሙ። በ2023ም በእንግሊዝ ንጉሥ ግምጃ ቤት ውስጥ የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ተጥሎ የኖረ አንድ የሶስና ሥዕል ተጠርጎ ሲመረመር፣ አርቴሚዝያ በለንደን ሳለች የሣለችው መሆኑ ታወቀ። ሥራዋን እንኳ ሌላ ስም ሰጥተውት ኖረዋል።

ከዚያው ከተማ ወደ አገራችን የመጣው ሥዕል

አርቴሚዝያ በሮም በምትሥልበት ዘመን በዚያው ከተማ በሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ጥንታዊ ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን እጅ ወደ ብዙ አገሮች ይላክ ነበር፤ ወደ አገራችንም ደረሰ። የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ተቀብለው በራሳቸው መልክና ቀለም ሣሉት። እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ በሁለት ዐይኖቿ የምትመለከተን ብዙዎቹ የምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕሎቻችን ከዚህ የተወለዱ ናቸው። በሥዕሏ ፊት የሚቆም ሰው ተመልካች ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ እርሱም ይታያል። የአገራችን ሠዓሊዎች ጻድቃንን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ክፉዎችን ግን በጐን በአንድ ዐይን መሣላቸውም ከዚህ አሳብ ጋር ይስማማል። ተሸሽጎ የሚያይ ሰው ፊቱን ሙሉ በሙሉ አያሳይም።

በቤታችን

ይህን ሁሉ የጻፍነው ስለ ሩቅ አገር ሙዚየም ለማውራት ብቻ አይደለም። ዛሬ በአንድ ቀን በአንድ ልጅ ዐይን ፊት የሚያልፈው የሴት ምስል በቬኒስ ባለጸጋ እልፍኝ ከነበረው ሁሉ ይበዛል። ሳሙናም፣ ተሽከርካሪም፣ መጠጥም የሚሸጠው በሴት መልክ ነው። ረበናቱ በአትክልት ስፍራ መሸሸግ አያስፈልጋቸውም፤ የእጅ ስልክ ይበቃቸዋል። አንዲት ልጃገረድ ሳትፈቅድ የተነሣ ወይም በተንኰል የተቀናበረ ምስል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ የሚያስተላልፈው ወጣት ምናልባት ጨዋታ ይመስለዋል። ያደረገው ግን በባቢሎን ሸንጎ የታዘዘውን መግለጥ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ዐይናችሁን ጨፍኑ ብለው ብቻ ቢያሰናብቷቸው አይበቃም፤ ማየትን ሊያስተምሯቸው ይገባል። ወንድ ልጅ የሴት ምስል ባየ ጊዜ አሁን የቆምሁት በማን ስፍራ ነው፤ በረበናቱ ነው ወይስ በዳንኤል? ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ይለምድ። ሴት ልጅም ዋጋዋ በሌላ ሰው መስተዋት ውስጥ እንዳልተቀመጠ፣ ዝም በይ የሚላት ጣት ሲነሣም መጮህ ከሶስና የተማረችው መብቷ እንደ ሆነ ትወቅ።

ጩኸቷን የሚሰማ ግን ያስፈልጋል። ሶስና ወደ ሸንጎ በቀረበች ጊዜ ወላጆቿና ልጆቿ ዘመዶቿም ሁሉ አብረዋት መጥተው ነበር። አርቴሚዝያም ነገሯን ይዞ ዳኛ ፊት የቆመ አባት ነበራት። በአንዳንድ ቤት ግን ልጅ ደርሶባት የማታውቀው ነገር ሲደርስባት፣ ከሌላው ሰው አስቀድማ የምትፈራው አባትና እናቷን ነው፤ የጎረቤት ወሬ ከልጅ ቃል ይልቅ ይታመናልና። ረበናቱ የተከበሩ፣ የታመኑ፣ በቤቱ የሚመላለሱ ሰዎች እንደ ነበሩ አንርሳ። ሸንጎው ያመናቸውም ስለዚህ ነው። ዳንኤል ያደረገው ታላቅ ነገር ቀላል ነበር፤ ከመፍረዱ በፊት ጠየቀ።

ሴት ልጅ ያለን ሁሉ፣ አንድ ማታ ፊቷ ተለውጦ ወደ ቤት ብትገባ፣ የመጀመሪያው ቃላችን ወቀሳ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። አጠገባችን አስቀምጠን፣ ሳንቸኵል፣ የሆነውን ሁሉ እንድትነግረን እንጠይቃት።